ቆርቆሮ መቀየር ግንባታ ነው?

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚወስደው አስፋልት ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ይገባል። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሆኖም ማለዳ ጋቢ ደርቦ ከደጋው የተነሳ መንገደኛ ቆቦ ሲደርስ የሸሚዙን እጅጌ መጠቅለል ይጀምራል። በስተምዕራብ የግዳን ደጋ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በመካከል የማሽላና የጤፍ ሜዳ። ከተማዋ የተዘረጋችው በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ነው። ሱቁም፣ ሻይ ቤቱም፣ ጋራዡም፣ አልጋ ቤቱም ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። በዚህ ረድፍ ውስጥ መስታወት የለበሰ ፎቅና ግድግዳው ወደ ውጭ ያበጠ የጭቃ ሱቅ ተጎራብተው ማየት ብርቅ አይደለም።

ከነዚህ የጭቃ ሱቆች የአንዱ ባለቤት የሆነች ሴት ትታሰብ። ስም አያስፈልጋትም፤ እንደሷ ያለች በየከተማው ሞልታለች። ቤቱን የሠሩት አባቷ ናቸው፣ በንጉሡ ዘመን። ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ እንደ ወንፊት ተበስቷል። ሁለት ቋሚዎች ምስጥ ጨርሷቸዋል። ልጇ አግብቶ እዚያው ሊኖር ስለሆነ አንድ ክፍል መጨመር አስባለች። በከተማው ፕላን ላይ ግን የሷ ቤት ያለበት የመንገድ ዳር ፎቅ እንዲሠራበት የተወሰነ ነው እንበል። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ቆርቆሮውን ልቀይር? ቋሚዎቹን ልቀይር? ክፍል ልጨምር? ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ይጠየቃሉ። መልሳቸው ግን ለየቅል ነው፤ በመካከላቸው ያለው ድንበርም ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ የደበዘዘ ነው።

በሌላው ዓለም የዚህ ዓይነቱ ቤት በሕግ የታወቀ ደረጃ አለው። ሲሠራ ሕጋዊ የነበረ፣ ኋላ ሕጉ ተለውጦ ጥሎት የሄደ ቤት ማለት ነው። በእኛ ከተሞች ሰዉ «ፕላን ነካው» ይለዋል። አነጋገሩ ጥሩ አድርጎ ይገልጸዋል። ቤቱ ካለበት አልተንቀሳቀሰም፤ መጥቶ የነካው ፕላኑ ነው።

ቤቱ እንዴት እዚያ እንደበቀለ ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ ጋር የሚያገናኘውን የመኪና መንገድ ጣልያን በወረራው ዓመታት፣ በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ሠራው። ከዚያ ወዲህ በዚህ መስመር ላይ ያሉ ከተሞች መንገዱን እንደ ገበያ አጥር ይዘው አደጉ። ነጋዴው ከመንገዱ ራቅ ብሎ መሥራት ለምን ይፈልጋል? የሱቁ በር በቀጥታ ወደ መንገዱ ቢከፈት፣ በረንዳው ለመንገደኛው ጥላ ቢሆነው ነው የሚሻለው። ቤቱ የሚሠራው ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ ጭድ ገብቶበት ከተቦካ ጭቃ ነው፤ ከላይ ቆርቆሮ። ወደ ገጠሩ ወጣ ሲባል ደግሞ የማሽላ አገዳው ራሱ አጥርም፣ ግድግዳም፣ ክዳንም ይሆናል። በራያ ቆላ ሙቀት የጭቃ ግድግዳ የሚናቅ አይደለም፤ ከብሎኬት ይልቅ ቀኑን ቀዝቀዝ ብሎ ይውላል። ጠላቱ ሁለት ነው፤ ውኃና ምስጥ።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በአንድ ቀን የእያንዳንዱን የከተማ ቤት ታሪክ ቀየረው። ቦታው የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲይዝ፣ የመኖሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ትርፍ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት። የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር የተወለደው ያኔ ነው። ኪራዩ ለአሥርታት እዚያው ቆሞ ስለቀረ ቀበሌው ለጥገና የሚያወጣው ገንዘብ አልኖረውም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ብር ማፍሰስን አልወደደም። በየከተማው እጅግ አርጅተው የሚታዩት ቤቶች የቀበሌ ቤቶች የሆኑት ለዚህ ነው። ሕጉ ከከለከላቸው ይልቅ ባለቤት ማጣት የጎዳቸው ይበልጣሉ።

በ1986 የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ የሚያደርገው የመጀመሪያው አዋጅ ወጣ፤ በ1994 ተሻሻለ፤ በ2004 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 ተተካ። እዚህ ላይ «ነባር ይዞታ» የሚለው ቃል ሙሉ የሕግ ሰውነት አገኘ። ከተማው ወደ ሊዝ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ቦታ፣ ወይም ከነባር ይዞታው ለተነሳ ሰው በምትክ የተሰጠ ቦታ ማለት ነው። የቆቦዋ ሴት ቦታ ነባር ይዞታ ነው። የሊዝ ክፍያ የለባትም፤ የጊዜ ገደብም አልተቆረጠባትም። በሊዝ ለተያዘ ቦታ ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ከተሞች አዋጁ ያስቀመጠው ዘመን ለመኖሪያ 99፣ ለንግድ 70 ዓመት ነው።

ነባር ይዞታነት ግን ተሰባሪ ነው። ቤቱ በውርስ ለልጅ ሲተላለፍ ነባርነቱ ይቀጥላል። ሲሸጥ ግን ገዢው የሚገባው በሊዝ ሥርዓት ነው። ነባር ይዞታ ከሊዝ ይዞታ ጋር ሲቀላቀልም ጠቅላላው ሊዝ ይሆናል። ይህ ሁሉ ስለ ቦታ እንጂ ስለ ግድግዳ የሚናገር አይመስልም፤ ውጤቱ ግን ግድግዳው ላይ ያርፋል። ፎቅ የመሥራት አቅም የሌለው ባለቤት መሸጥን ይፈራል፤ ፎቅ የመሥራት አቅም ያለው ገዢ ደግሞ የሊዙን ሒሳብ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ቤቱ ሳይሸጥም ሳይታደስም ይቆያል። ልጆቹ ሲወርሱት አራት አምስት ሆነው ነው፤ ቦታውን እንዳይከፋፈሉት ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ ፕላኑ ከሚፈልገው ትንሹ ስፋት በታች ይወርዳል።

ወደ ፕላኑ እንምጣ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ሁለት ዓይነት የከተማ ፕላን ያውቃል። አንደኛው መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ የከተማውን ዋና ዋና መንገዶች፣ የመሬት አጠቃቀምና የሚስፋፋበትን አቅጣጫ ያሳያል፣ የሚያገለግለውም ለ10 ዓመት ነው። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው፤ ይህ ወደ ሰፈሩ ወርዶ የመንገዱን ስፋት፣ የሕንፃውን ከፍታና አጠቃቀም ይወስናል። በኢትዮጵያ ከተሞች በዋና መንገድ ዳር ዝቅተኛ የፎቅ ብዛት መወሰን የተለመደ ነው። ጂ ፕላስ አንድ፣ ጂ ፕላስ ሁለት እያለ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ትናንት ማንንም ያላስቀየመው የጭቃ ሱቅ በአንድ ጊዜ ሦስት ጥፋት ይገኝበታል። ያጥራል፤ መንገዱ ሲሰፋ ወደሚደርስበት መስመር ገብቷል፤ የተሠራበትም ነገር ለዚያ ደረጃ አይመጥንም። ሦስቱንም ያደረገችው ግን እሷ አይደለችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። ፕላኑ ቤቱን በማግሥቱ አያፈርሰውም። ፕላን የሚናገረው ወደፊት ስለሚሠራው ነው። የቆመው ቤት እንደቆመ ይኖራል፣ ግብር ይከፍላል፣ መብራትና ውኃ ያስገባል፣ ይወረሳል። ጣጣው የሚመጣው ባለቤቱ መዶሻ ያነሳ ቀን ነው።

መዶሻውን የሚመለከተው ሕግ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነበር፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ በ2003 ተከተለው። አዋጁ ከ10,000 በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች እንዲሠራበት ታስቦ የወጣ ስለሆነ ቆቦን የመሰለ ከተማ ከነሙሉ ክብደቱ ይመለከተው ነበር። በየከተማው የሕንፃ ሹም እንዲኖር፣ በሹሙ ውሳኔ ቅር የተሰኘም ሰው የሚሄድበት የይግባኝ ሰሚ ቦርድ እንዲቋቋም አደረገ። ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ምድብ ሀ በሁለት ምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ትንሽ ሕንፃና አነስተኛ የግል መኖሪያ ቤት ነበር። ምድብ ሐ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ እንዲሁም ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ማንኛውም ሕንፃ ነበር። በመካከላቸው ያለው ለ ነበር። በዚያ አከፋፈል የቆቦዋ ሴት ቤት ምድብ ሀ ከሆነ የሚጠየቀው ወረቀት ይቀላል፤ ሱቁ ላይ ሁለት ፎቅ ካሰበች ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ገባች።

ከአዋጁ ትርጓሜዎች ለነባር ቤት ባለቤት ከሁሉ የሚከብደው «ግንባታ» የሚለው ነበር። በአዋጁ መሠረት ግንባታ አዲስ ሕንፃ መሥራት ብቻ አልነበረም። ያለውን ሕንፃ ማሻሻል ወይም አገልግሎቱን መለወጥም ግንባታ ነበር። የመኖሪያውን ሳሎን ግድግዳ ቀድዶ ሱቅ ማውጣት፣ አንድ ብሎኬት ሳይጨመር እንኳ፣ ግንባታ ነው። ግንባታ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከፈቃዱ በፊት የፕላን ስምምነት ይጠየቃል፤ የፕላን ስምምነት የሚሰጠውም የተጠየቀው ሥራ ከፕላኑ ጋር ሲስማማ ነው። የጭቃ ቤት ባለቤት የሚጣበቀው እዚህ ቀለበት ውስጥ ነው። ቤቱ ከፕላኑ ጋር ስለማይስማማ የፕላን ስምምነት አያገኝም፤ ስምምነት ስለሌለው ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ስለሌለ ማሻሻል አይቻልም፤ ስላልተሻሻለም ከፕላኑ እየራቀ ይሄዳል።

ታዲያ ቆርቆሮውስ? ክዳን መቀየር፣ ግድግዳ መምረግ፣ ቀለም መቀባት፣ የተሰበረ መስኮት መተካት፣ ወለሉን ሊሾ ማድረግ በተለምዶ ጥገና ነው እንጂ ማሻሻል አይባልም። የቤቱ ስፋትም፣ ቁመትም፣ አገልግሎትም አልተነካም። ክፍል መጨመር ደግሞ ያለጥርጥር ግንባታ ነው። ክርክሩ ያለው በመካከላቸው ነው፣ በበሰበሱት ቋሚዎች ላይ። ሁለት ቋሚ መቀየር ጥገና ነው። አሥራ ሁለቱንም መቀየርስ? ከጭቃ ወደ ብሎኬት መለወጥስ? ቅርጹ ያው፣ ስፋቱ ያው፣ ቤቱ ግን ሌላ ቤት ነው።

አንዳንዴ ቤቱ ሳይንቀሳቀስ መንገዱ ይንቀሳቀሳል። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች አስፋልት በታደሰ ቁጥር ከፍ ይላል፤ በዳሩ ያሉት አሮጌ ሱቆች ከመንገዱ በታች ይቀራሉ። ጎሊናንና ሆርማትን የመሰሉ ጎርፍ የሚያወርዱ ወንዞች ባሉበት የራያ ሜዳ ከመንገድ በታች መቅረት ማለት ክረምት በገባ ቁጥር ደጃፍ ላይ አፈር መቆለል ማለት ነው። ባለቤቱ ወለሉን በግማሽ ሜትር ከፍ ያደርጋል። ወለሉ ሲነሳ በሩ ያጥራል፤ በሩ እንዳያጥር ግድግዳው ይረዝማል፤ ግድግዳው ሲረዝም ክዳኑ ይፈታል። ጎርፍ ለመከላከል የተጀመረ ሥራ ሳይታሰብ ማሻሻያ ሆኖ ያርፋል። ደንብ አስከባሪው መጥቶ የሚያየው ክዳኑ የተፈታ ቤት ነው፤ ጎርፉን አላየውም።

ብዙ ቦታ ሰዉ የፈለሰፈው መውጫ የታወቀ ነው። የጭቃው ግድግዳ ከውጭ እንዳለ ይቆያል፤ ከውስጥ ብሎኬት ይደረደራል። ቅዳሜ ማታ ይጀመርና ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ሳይከፈት ሥራው ያልቃል፤ የበዓል ሰሞን ደግሞ የበለጠ ይመቻል። ከወራት በኋላ ጭቃው «በራሱ ይወድቃል»። ይህን አሠራር የማያውቅ ግንበኛ ያለ አይመስልም። ጉዳቱ የሕግ ብቻ አይደለም። በሌሊት በባትሪ ብርሃን፣ መሠረት ሳይቆፈር፣ በአሮጌ ድንጋይ ላይ የቆመ ብሎኬት ከጭቃው የባሰ አደገኛ ይሆናል። ጭቃና ማገር ቢያንስ ሲወዛወዝ ይታገሣል፤ ፌሮ የሌለው ብሎኬት አይታገሥም።

ይህ እንዲሁ የሚነገር ማስፈራሪያ አይደለም። የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋ ጫፍ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ያለ የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠና ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። «ከላይ አንድ ክፍል ብቻ ልጨምር» የሚለው ጥያቄ በሕግ ዓይን የፕላን ጉዳይ፣ በመሐንዲስ ዓይን ግን የመሠረት ጉዳይ ነው። የድሮ ቤት መሠረት የተቆፈረው ለአንድ ቆርቆሮ ነው። ኮለንና ቢም ሳይገባ ሶሌታ የሚጫንበት ግድግዳ የለም። ስለዚህ ፎቅ እንዳይጨምር የሚከለከለው ሰው ሁሉ የተበደለ አይደለም፤ አንዳንዱ ነፍሱ ተርፎለታል።

ሌላው ዓለም ፕላን የነካውን ቤት እንዴት እንደሚይዘው ለማየት የኒውዮርክ ነገር እዚህ ይነሳ። በ1915 እ.ኤ.አ. ማንሃተን ላይ የተሠራው ኤኩዊታብል የተባለ ግዙፍ ሕንፃ ጎረቤቶቹን ጥላ ውስጥ ስለከተተ፣ ከተማው በማግሥቱ ዓመት ከፍታንና አጠቃቀምን የሚገድብ ሕግ አወጣ። ወዲያው ጥያቄ ተነሳ፤ ከሕጉ በፊት የተሠሩትስ? መልሱ «ይቆዩ» ሆነ። እዚያ ዛሬም የማይስማማ አገልግሎት ያለው ነባር ሕንፃ መጠገን ይችላል፤ አለመስማማቱን ማስፋት ግን አይችልም። ከወለሉ ስፋት ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ከተጎዳ ሲታደስ በአዲሱ ሕግ መሠረት መሆን አለበት። አገልግሎቱ ለሁለት ዓመት ሲቋረጥም ፈቃዱ አብሮት የሚሞትበት ጊዜ አለ። የተቆጠረ ነገር ለሚወድ ሰው አንድ ይጨመር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ታይምስ ባወጣው ጥናት በማንሃተን ካሉት ሕንፃዎች 40 በመቶዎቹ ዛሬ ቢታሰቡ አይፈቀዱም ነበር። ከቦስተን አጠገብ ያለችው ሶመርቪል ትብሳለች። ወደ 80,000 ሕዝብ ባለባት በዚያች ከተማ የፕላን ባለሙያዎቹ ቆጥረው ከራሳቸው ሕግ ጋር ሙሉ በሙሉ የሚስማሙ መኖሪያ ሕንፃዎች 22 ብቻ ሆነው አገኟቸው። ከተማዋ በ2019 እ.ኤ.አ. ሕጉን እንደ አዲስ ጻፈችው። ከተማው ሁሉ «ጥፋተኛ» ሲሆን ስህተቱ ከቤቶቹ ይልቅ በሕጉ ላይ መሆኑን ማመን ያስቸገራቸው አይመስልም።

የኒውዮርኩ የግማሽ ደንብ ወደ ቆቦ ሲመጣ ግን ሌላ ትርጉም ይይዛል። በሰሜኑ ጦርነት ከሐምሌ 2013 ጀምሮ እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ቆቦ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች፤ ቤቶችና ተቋማትም ተጎድተዋል። ጣራው በከባድ መሣሪያ የተመታ የመንገድ ዳር ሱቅ ባለቤት ምን ይበል? ቤቱ በራሱ እርጅና አልፈረሰም፤ ባለቤቱም ለማስፋት አላሰበም። የነበረውን መመለስ ብቻ ነው የሚፈልገው። እንዲህ ያለውን ቤት እንደ አዲስ ግንባታ ቆጥሮ ጂ ፕላስ ሁለት ሥራ ማለት በጦርነት የተረፈውን ቦታ በፕላን መቀማት ይሆናል። በሌላ በኩል ከተማው መንገዱን ለማስፋት ካሰበ፣ ሁሉም በነበረበት ቦታ በብሎኬት ከሠራ በኋላ ማስፋት ለሁለቱም ወገን የበለጠ ውድ ነው። ኒውዮርክ ግማሽ የሚል ልክ ማስቀመጧ ምክንያት አለው። ልኩ ራሱ አከራካሪ ቢሆን እንኳ ባለቤቱም ሹሙም በአንድ ሜትር ይለካሉ። የእኛ ከተሞች ትልቁ ጉድለት የዚህ ሜትር አለመኖር ነው። የት ድረስ ጥገና፣ ከየት ጀምሮ ግንባታ እንደሆነ በአንድ ገጽ ተጽፎ በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ብዙ የሌሊት ብሎኬት ይቀር ነበር። አለዚያ ውሳኔው በዚያ ቀን ቢሮ በተገኘው ባለሙያ ልብ ላይ ይንጠለጠላል፤ የባለሙያ ልብ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ደግሞ ምን እንደሚስብ የማያውቅ የለም።

ፕላን የነካው ቤት ሲነሳ የሚሠራው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ ሲለቀቅ ካሳ እንዴት እንደሚከፈል ይዘረዝራል። ለባለ አሮጌ ቤት ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅመዋል። አንደኛው፣ የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ከደረሰው በኋላ ለሠራው ወይም ላሻሻለው ነገር ካሳ አያገኝም። «ከመነሳቴ በፊት ቤቱን ላሳምር፣ ግምቱ ይጨምራል» የሚል ስሌት ገንዘብ በእሳት ማቃጠል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መብት ነው። አካባቢው መልሶ እንዲለማ ሲወሰን ባለይዞታዎቹ በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ ሆነው ራሳቸው ለማልማት ቅድሚያ አላቸው። በአንድ ረድፍ ያሉ አምስት የጭቃ ሱቆች ተሰብስበው አንድ ሕንፃ ቢያቆሙ ፕላኑም ረካ፣ እነሱም ካሉበት አልተነሱም። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ አምስት ወራሾች ያሉትን አንድ ሱቅ ከአራት ወራሾች ካሉት ሌላ ሱቅ ጋር ለማስማማት ግን ሽምግልና ከመሐንዲስ ይቀድማል። በራያ ሽማግሌ አልጠፋም።

በዚሁ በሰሜን ወሎ፣ ላሊበላ ላይ፣ ጉዳዩ ተገልብጦ ይገኛል። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ናቸው። በዙሪያቸው የነበሩት ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ የላስታ ቤቶች ነበሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቅርሱን ዙሪያ ለመጠበቅ በአካባቢው የሚኖሩ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደረገ። ቆቦ ላይ አሮጌ ቤት ጥፋቱ ማጠሩ ነው፤ ላሊበላ ላይ ደግሞ ቤቱ ራሱ የቅርሱ አካል ሆኖ ሳለ ነዋሪው ከቅርሱ ጋር የማይስማማ ሆነ። እዚያ ባለቤቱ በቆርቆሮ መተካት የሚፈልገውን የሣር ክዳን ቅርስ ጠባቂው አይንካብኝ ይለዋል። ሁለቱም ቦታ ግን በመጨረሻ የሚጠየቀው አንድ ነው፤ የሚፈቀደው ጥገና የትኛው ነው?

ስለ ሰነድ አልባው ቤትም አንድ ቃል መባል አለበት፤ ከነባሩ ጋር እየተደባለቀ ነውና። ፈቃድ ሳይኖረው የተሠራ ቤት፣ በሌሊት የበቀለውን ጨረቃ ቤት ጨምሮ፣ አርጅቷል ተብሎ ነባር ይዞታ አይሆንም። አዋጅ 721 ከፕላኑና ከሽንሻኖ ደረጃው ጋር ተጣጥሞ ሥርዓት የሚይዝበትን በር ከፍቶለት ነበር፤ ሲገባ ግን በሊዝ ነው። በነባርና በሰነድ አልባ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳየው የቤቱ ዕድሜ አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የቦታ ካርታ፣ የውርስ ማስረጃ፣ ውኃና መብራት የገባበት ውል፤ ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠው ሁሉ። ጦርነቱ ባለፈባቸው ከተሞች ሰነድ የጠፋበት ባለይዞታ የመጀመሪያ ሥራው ቆርቆሮ መግዛት ሳይሆን ኮፒ ማፈላለግ ይሆናል።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። ማዘጋጃ ቤቱ ከመሄዷ በፊት ሦስቱን ጥያቄ በሦስት ወረቀት ብትለያቸው ይሻላታል። በአንድ ማመልከቻ ላይ «ቤቴን ላድስና ክፍል ልጨምር» ብላ ከጻፈች ክፍሉ ቆርቆሮውንም ይዞት ይወድቃል። የመጀመሪያው ወረቀት ጥገና ብቻ ይበል፤ ስፋቱም፣ ቁመቱም፣ አገልግሎቱም እንደማይለወጥ ይጻፍበት፤ ቤቱ ከመነካቱ በፊት የተነሳ ፎቶግራፍ ይያያዝበት። በሁለተኛው ቋሚዎቹ ስንት እንደሆኑና ስንቶቹ እንደሚቀየሩ በቁጥር ይገለጽ። ሦስተኛውን፣ የክፍሉን ጉዳይ፣ በጓሮ በኩል ከመንገዱ መስመር ውጭ ማድረግ ይቻል እንደሆነ የፕላን ስምምነት መጠየቅ ነው፤ ፕላን የነካው የቦታዋ ፊት ብቻ ሊሆን ይችላልና። መልሱን በቃል ከመቀበል በጽሑፍ መቀበል። ከተከለከለች በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ መጠየቅ፣ ይግባኝም እንዳለ ማወቅ።

ይህን ሁሉ ስታደርግ ግንቦት ይሆናል። የመጀመሪያው ወረቀት መልስ ከሰኔ በፊት ከወጣ ሐምሌ ሳይገባ ክዳኑ ይለወጣል፤ ሰላሳ ቅጠል ቆርቆሮ፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ሠራተኛ። ካልወጣ ላስቲክ ዘርግታ በድንጋይ ትጫነዋለች፤ ላስቲክ ለመዘርጋት ፈቃድ የጠየቃት እስካሁን የለም።